ለአርባ ሦስት በሬ ያካፈልሁት መድኃኒት

ጡረታ በወጣሁ ዕለት፣ ለስንብት በተዘጋጀው ምሳ ላይ፣ የመሥሪያ ቤታችን ወጣት ኃላፊ «ጋሽ ሰዒድ፣ በሥራ ዘመንዎ ስንት ከብት አድነው ይሆን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሰው ሁሉ ፈገግ ብሎ መልሴን ጠበቀ። «አልቆጠርሁም» ብዬ አለፍሁት። እውነትም የዳኑትን አልቆጠርሁም። በአንድ ክረምት በእኔ ጥፋት የሞቱትን ግን በስማቸውና በቀለማቸው አውቃቸዋለሁ። ያ በምሳ ላይ የሚነገር ነገር አልነበረም። ስለዚህ እዚህ ልጽፈው።

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር ከተማ ነው። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ አያቴም እንዲሁ። አባቴ የሱቁን ቁልፍ ሊያስረክቡኝ ሲጠብቁ እኔ ለእንስሳት ጤና ረዳትነት ሥልጠና ተመዝግቤ መጣሁ። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን «አንተ በሬ አስረህ እንኳ አታውቅም» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የመጀመሪያ ምድቤ አዲ አርቃይ ሆነ። ደመወዜ ከቤት ኪራይና ከጫማ አያልፍም ነበር፤ ጫማውንም መንገዱ ይበላዋል።

በሬ ማሰር ያስተማሩኝ፣ ሌላውንም ሁሉ ያስተማሩኝ፣ እዚያ ያገኘኋቸው አለቃዬ አያ መልኬ ናቸው። አጭር፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ፣ ዕድሜያቸው ከአባቴ የሚበልጥ ሰው ነበሩ። ታማሚ በሬ ሲመጣላቸው መጀመሪያ ባለቤቱን «ስሙ ማነው?» ይሉታል። የሰውየውን ሳይሆን የበሬውን። ስሙን ካወቁ በኋላ ዐሥር ርምጃ ያህል ያስነዱትና አካሄዱን ያያሉ። እስከዚያ ድረስ እጃቸውን አያሳርፉበትም። ከዚያ የዐይኑን ቆብ ገልብጠው ውስጡ መንጣት አለመንጣቱን ይመለከታሉ፤ ከትከሻው ፊት ያለውን ዕጢ ይዳብሳሉ፤ ትንፋሹን ያሸታሉ። መርፌውን ራሳቸው ይቀቅሉ ነበር፤ ለማንም አይሰጡም። ክብደቱን ሲገምቱ ደግሞ ቋጠሮ ባለው ገመድ ደረቱን ዙሪያውን ይለኩትና መድኃኒቱን በዚያ ልክ ይሞሉታል።

«ዐይን ያዝናል፤ ሲያዝን ደግሞ ይሳሳታል» ይሉኝ ነበር። «ያነሰ መድኃኒት መስጠት በሽታውን ማሠልጠን ነው። ወይ ሙሉ ስጥ፣ ወይ ተው።»

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ክፉ ነገር የሚነግሩት ሰው ካለ አብረውት መሬት ላይ ይቀመጣሉ። መርዶ ቆሞ አይነገርም ባይ ናቸው።

አንድ ቀን ከስሜን ገደል ሥር ካለች መንደር ተጠርተን ሄድን። በሬው ከአፍንጫው ደም እየወረደው ሞቷል። አባ ሰንጋ ነው፤ ሥጋውን የበላ ሰው አብሮ ይሞታል። ቤተ ሰቡ ግን ተርቧል፣ ቢላው ተስሏል፣ ጎረቤቱ ዱላውን ይዞ ከቧል። አያ መልኬ ሬሳው አጠገብ ተቀመጡና «እኔን ቀብራችሁ ብሉት» አሉ። ፀሐይ ከአናታችን እስክታልፍ ድረስ አልተነሡም። በመጨረሻ ጉድጓዱን የቆፈረው ባለቤቱ ራሱ ነበር። ስንመለስ «ፈርተው ነበር?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «በጣም» አሉኝ።

ከጥቂት ዓመት በኋላ ሁለታችንም ወደ ወገራ ደጋ ተዛወርን። ድርቁ ያገኘን እዚያ ነው።

በዚያ ዓመት ሰኔ ገባ፣ ዝናቡ ግን አልገባም። ጠዋት ደመና ይሰበሰባል፤ ቀትር ላይ ነፋስ ይጠርገዋል። ገብሱ በቅሎ ጣት ሳያህል ተቃጠለ። ገበሬው እንደገና ዘራ፤ እሱም ተቃጠለ። ሐምሌ ሲሆን በወገራ ደጋ፣ ጋቢ በማይወልቅበት አገር፣ ሰው በሸሚዝ ሆኖ አቧራ እየዋጠ ይሄድ ነበር። ምንጮቹ ደርቀው ሴቶች ለአንድ እንስራ ውሃ ግማሽ ቀን ይወርዳሉ። ገበያ ላይ ሰው በዝግታ ማውራት ጀመረ። ጮክ ብሎ የሚከራከር አልነበረም፤ ያ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ።

ከሁሉ አብዝቶ የሚጨንቀው የበሬው ነገር ነበር። ዝናብ አንድ ቀን ይመጣል፤ በሬ ከሌለ ግን ዝናቡ ቢመጣም የሚያርስ የለም። ከወረዳው ከተማ ግማሽ ቀን በምታስኬደው አስታ ሜዳ መንደር ሰዉ የጎጆውን ክዳን እየነቀለ ለበሬው ያበላ ጀመር። ከላይ ሰማይ የሚታይበት ቤት ውስጥ ገብቼ በሬ መርምሬአለሁ።

የመንደሩ ሽማግሌ አያ ደሴ ይባላሉ። ወይኖ የሚባል ቀይ በሬ ነበራቸው። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ጥሩ ባላቸው የሞተባቸው ሴት ሲሆኑ ቡሬ የሚባል አንድ ሽማግሌ በሬ ብቻ ቀርቷቸዋል። ሁለቱ ቤቶች በሬዎቻቸውን አቀናጅተው በየተራ ያርሳሉ። አያ ደሴ አንድ ቀን ቢሮዬ መጡ።

«ሐኪም፣ በታች አርማጭሆ፣ ወደ ሳንጃ ቆላ ዝናብ ጥሏል ይላሉ። አንገረብ ዳር ሣር አለ አሉ። እንውረድ ወይ?»

ጥያቄው ከባድ ነበር። ቆላው ገንዲ አለበት። ገንዲ በዝንብ የሚተላለፍ የደም በሽታ ነው፤ የደጋ በሬ ደግሞ አይችለውም። አያ መልኬ በዚያ ሰሞን ኩላሊታቸውን ታመው ጎንደር ሆስፒታል ተኝተዋል። ስልኩ ተቋርጧል። መጋዘናችን ውስጥ የነበረው የገንዲ መድኃኒት ለሃያ በሬ የሚበቃ ብቻ ነው።

«እዚህ ከቆያችሁ?» አልኋቸው።

«እስከ ፍልሰታ አንድም አይተርፍም።»

«እንግዲያው ውረዱ። እኔም መድኃኒቱን ይዤ አብሬ እወርዳለሁ።»

በዚያ ዘመን ግን ያለ ይለፍ ወረቀት ከብት ነድቶ መሄድ አይቻልም፤ ቆላው ውስጥ የታጠቁ የመንግሥት ተቃዋሚዎች ነበሩ። ወረቀቱን የሚሰጠው የወረዳው ካድሬ ወጣት ነው፤ በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ እንጂ አይበልጥም። ማመልከቻውን ሁለት ጊዜ አነበበው።

«ዘጠኝ ወንድ፣ አርባ ሦስት በሬ። ለማን ነው የምትነዱት?»

«ለሣር ነው፣ ጓድ።»

«ቆላው በማን እጅ እንዳለ አታውቅም?»

«ሣሩ በማንም እጅ ቢሆን በሬው ይበላዋል» አልሁ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ደነገጥሁ። እሱም ማመልከቻውን ሦስተኛ ጊዜ አነበበው።

«ሠላሳ አምስት ቀን» አለ በመጨረሻ። «ዘጠኝ ሰው ሄዶ ዘጠኝ ሰው ይመለሳል። አንድ ቢጎድል ወንበዴ ጋ እንደ ገባ ነው የምቆጥረው፤ አንተም እዚያ ትገባለህ።» በእጁ ግቢው ጥግ ያለውን የእስረኛ ቤት አሳየኝ። ፈረምሁ።

ወደ ቆላው የሚያደርሰውን ገደል ለመውረድ ሁለት ቀን ፈጀብን። ቆላው እንደ ምድጃ ይጋረፋል፤ ሣሩ ግን እውነት ነበር፤ ወንዙ ዳር ጉልበት ይደርሳል። በሬዎቹ ሲያዩት ለጥቂት ጊዜ ቆመው ቀሩ። ከዚያ መብላት ጀመሩ፤ ሰዎቹም ቆመው ያዩዋቸው ነበር። ቀን ቀን የታጠቁ ሰዎች ከማዶ ያልፋሉ፤ እኛ እነሱን አላየንም፣ እነሱም እኛን። በሦስተኛው ሳምንት የበሬዎቹ ጎድን መሸፈን ጀመረ።

በአራተኛው ሳምንት ወይኖ ከመንጋው ወደ ኋላ ቀረ። አስነድቼ አየሁት። ይጎተታል፤ ዐይኑ ያነባል፤ ፀጉሩ ቆሟል። የዐይኑን ቆብ ስገልጠው ነጥቷል። የትከሻው ዕጢ እንቁላል አክሏል። በማግስቱ አምስት፣ በሦስተኛው ቀን ዐሥራ ሰባት ሆኑ። የቀሩትም በደማቸው ውስጥ እንደያዙት አወቅሁ።

መድኃኒቱ ቢጫ ዱቄት ነው፤ በንጹሕ ውሃ በጥብጠው ጡንቻ ላይ ይወጉታል። ቋጠሮ ያለውን የመለኪያ ገመዴን አውጥቼ ሁሉንም ለካሁ። ለሃያ እንጂ ለሃያ አንድ አይበቃም። ዘጠኙን ሰዎች ሰብስቤ እውነቱን ነገርኋቸው። አያ ደሴ ከሁሉም ቀድመው ተናገሩ።

«ማንን ከማን ትለያለህ? ለሁሉም አካፍለው። እግዜር በጥቂቱም ይባርካል።»

«አያ ደሴ፣ ሲካፈል…»

«አውቃለሁ፣ ያንሳል። እኛስ ምነው፣ ስናካፍል አይደለም እንዴ የኖርነው?»

ዘጠኙም ያዩኛል። የማን በሬ ይዳን፣ የማን ይሙት ብዬ ጣቴን መቀሰር ነበረብኝ። ወጣቶቹንና ጠንካሮቹን ሃያ በሬ መምረጥ እንዳለብኝ አውቅ ነበር፤ የትኞቹ እንደሆኑም ከለካሁ በኋላ በልቤ ለይቻቸዋለሁ። የወይዘሮ ጥሩ ቡሬ ከነሱ ውስጥ አልነበረም። ግን የዘጠኝ ሰው ዐይን ተሸክሜ ያን ቃል ማውጣት አልቻልሁም። ለራሴም ምክንያት ፈለግሁ፤ ከስተዋል፣ ትንሽም ይበቃቸዋል አልሁ። ገመዱ አይበቃም እያለኝ። መርፌውን ቀቅዬ መድኃኒቱን ለአርባ ሦስት አካፈልሁት።

ከዚያ በኋላ የመጡት ቀኖች እጅግ ያማሩ ነበሩ። በሬዎቹ ቀና አሉ። ወይኖ መብላት ጀመረ፤ ቡሬም ተኝቶ ሲያመሰኳ አየሁት። ሰዎቹ መረቁኝ። አያ ደሴ «ሸጋ ሐኪም ነህ» አሉኝ። ሳልማር ያወቅሁ መስሎኝ ከአያ መልኬ እንኳ በለጥሁ ብዬ ያሰብሁበት ቅጽበት ነበር። ይህን መጻፍ ያሳፍረኛል፤ ግን እውነት ነው።

ቀኑ ሲደርስ ገደሉን መውጣት ጀመርን። የመጀመሪያው ቀን ከቀትር በኋላ ቡሬ ወደቀ። ጭራውን ይዘን፣ ሆዱ ሥር እንጨት አስገብተን አነሣነው፤ ሃያ ርምጃ ሄዶ ዳግመኛ ወደቀ፤ አልተነሣም። ከዚያ ሌላው፣ ከዚያ ሌላው። በሽታው አልሞተም ነበር፤ ተደብቆ ነው የቆየ። ሰዎቹ የወደቁትን አርደው ለልጆቻቸው ሥጋ ጭነው ለመሄድ እንኳ ጉልበት አልነበራቸውም። ሁለት ቀን ሙሉ በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ ዐሥራ አራት በሬ ትተን ወጣን። ጫፉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ወይኖ ተንበረከከ።

አያ ደሴ አጠገቡ ተቀመጡ። «እናንተ ሂዱ። እኔ ነገ አስነሥቼው እመጣለሁ።»

«ሠላሳ አምስተኛው ቀን ዛሬ ነው» አልኋቸው።

«አስነሥቼው እመጣለሁ አልሁህ።»

ልጎትታቸው አልቻልሁም። ስምንት ሰው ይዤ ገባሁ። ካድሬው ቆጠረና ወደ ግቢው ጥግ አመለከተ።

ሦስት ቀን ታሰርሁ። አልተመታሁም፤ ጥያቄ ግን ነበር፤ «ሽማግሌውን ለማን ነው የሰጠኸው? ምን መልእክት ይዞ ሄደ?» እያሉ ያመላልሱኛል። አብሮኝ የነበረው እስረኛ በሁለተኛው ቀን ተጠርቶ ወጥቶ አልተመለሰም። በር በተከፈተ ቁጥር ተራው የእኔ ነው እል ነበር። ያኔ የማስበው ስለ ራሴ ብቻ እንደሆነ ሳውቅ ደግሞ አፈርሁ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት ተፈታሁ። ደጁ ላይ አያ ደሴ ቆመዋል። ትከሻቸው ላይ የበሬ ገመድ አለ፤ በሬ ግን የለም።

«ወይኖስ?» አልኋቸው።

«ከገበያ የሚመለስ ሰው በዚያ ሲያልፍ መታሰርህን ነገረኝ። ትቼው መጣሁ።»

«ሞቶ ነበር?»

«አልሞተም። ጆሮውን ያንቀሳቅስ ነበር።»

መንገድ ዳር ተቀመጥሁ፤ እሳቸውም ተቀመጡ። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኋቸው። መድኃኒቱ ሲካፈል እንደማይሠራ አስቀድሜ ማወቄን፣ ለሃያ በሬ በሙሉ ልክ ብሰጥ ሃያው ይተርፍ እንደነበር፣ የትኞቹ እንደሆኑም በልቤ ለይቼ ዝም ማለቴን።

«አካፍል ያልንህ እኛ ነን» አሉ።

«እናንተ አታውቁም ነበር። እኔ አውቅ ነበር።»

አያ ደሴ ገመዱን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አደረጉት። «ይህን ለሰዉ ትነግራለህ?» አሉኝ።

«እነግራለሁ።»

«ጥሩም ባለችበት?»

«እሳቸውም ባሉበት።»

በመጀመሪያ ግን ጎንደር ሄድሁ። አያ መልኬ ከሆስፒታል ወጥተው እህታቸው ቤት ነበሩ፤ ፊታቸው ተመናምኗል። ያደረግሁትን ነግሬያቸው እስክጨርስ አላቋረጡኝም።

«ለምን አልመረጥህም?» አሉ።

«ማንን ልምረጥ?»

«ሥራው እሱ ነው እኮ፣ ሰዒድ። መርፌማ ማንም ይወጋል።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ። የተቆጡኝ መስሎኝ ልወጣ ስነሣ፣ እንደዞሩ «ተመለስና የቀሩትን አድን» አሉኝ። ዳግመኛ በሕይወት አላየኋቸውም፤ ጥቅምት ላይ ሞቱ።

አስታ ሜዳ ስመለስ እሑድ ነበር። እኔ እስላም ነኝና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ጽዱ ሥር ቆሜ ቅዳሴ እስኪወጣ ጠበቅሁ። አያ ደሴ ሰዉን አስቀመጡልኝ። መሬት ላይ ተቀምጬ ያደረግሁትን ተናገርሁ። አንዱ ተነሥቶ ሄደ። ሌላው ራሱን ይዞ ቀረ። ወይዘሮ ጥሩ ከሴቶቹ መካከል ሆነው ጠየቁኝ።

«ብትመርጥ ኖሮ ቡሬን ትመርጠው ነበር?»

መዋሸት እችል ነበር። «አልመርጠውም ነበር፣ እትዬ ጥሩ። አርጅቶ ነበር።»

ነጠላቸውን አጣፍተው ተነሡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ መንገድ ላይ ሲያዩኝ ፊታቸውን ያዞሩ ነበር።

በበጋው ብዙ በሬ ሞተ፤ ሰውም ሞተ። ግማሹ መንደር የእርዳታ እህል ወደሚሰጥበት አውራ ጎዳና ወረደ፤ ሁሉም አልተመለሰም። ከአርባ ሦስቱ በሬዎች የቀሩት ዐሥራ አንድ ናቸው። አዲስ መድኃኒት ከጎንደር ሲመጣ ለዐሥራ አንዱም አልበቃም፤ ለዘጠኙ ነበር። በዚህ ጊዜ ባለቤቶቹን ሰብስቤ ለዘጠኙ ሙሉ ልክ እንደምሰጥ፣ ሁለቱን እንደምተው ነገርኋቸው። ሁለቱንም በስማቸው ጠራሁ። የአንደኛው ባለቤት ሰደበኝ፤ ስድቡን ሰማሁ፣ መርፌውን ቀቀልሁ፣ ወጋሁ። ሁለቱ ሞቱ። ዘጠኙ ተረፉ።

በሚቀጥለው ሰኔ ዝናብ ጣለ። ዘጠኝ በሬ አራት ጥማድ ሆኖ አንድ ይተርፋል። የተረፈውን ከአንድ በቅሎ ጋር አጠመዱት። መንደሩ ተሰብስቦ በእነዚያ አምስት ጥማዶች የሁሉም ማሳ በተራ እንዲታረስ ቆረጠ፤ በሬ ያለውም የሌለውም። እኔን ደግሞ ዘር እስኪያልቅ ከበሬዎቹ ጋር እንድቆይ አያ ደሴ ወረዳው ድረስ ሄደው ለመኑልኝ። አዲሱ አለቃዬ ፈቀደ። በየምሽቱ የትከሻቸውን ቁስል አጥባለሁ፣ በየጠዋቱ አስነድቼ አካሄዳቸውን አያለሁ፤ አንዱ ሲደክም ዕረፍት ይገባዋል እላለሁ፤ የማንም ተራ ቢሆን። አንዳንድ ቀን ይህ ጠብ ያስነሣ ነበር፤ ቢሆንም ቃሌን አልለወጥሁም።

የወይዘሮ ጥሩ ማሳ ተራው መጨረሻ ላይ ደረሰ። በሬዎቹ ደክመዋል፤ ሰማዩም ጠቁሯል። አያ ደሴ እርፉን ይዘው ገቡ። እኔ በማሳው ጫፍ፣ በሬዎቹ በሚዞሩበት በኩል ቆሜ ርምጃቸውን እመለከታለሁ። ወይዘሮ ጥሩ የዘር ቁናቸውን ታቅፈው ከኋላ ይመጣሉ። አጠገቤ ሲደርሱ ቆሙ። ከዚያ እሑድ ጀምሮ አላናገሩኝም ነበር።

«ሐኪም» አሉኝ፣ «ፈቀቅ በል። በሬዎቹ ይዙሩበት።»

ፈቀቅ አልሁ። በሬዎቹ ዞሩ፤ እሳቸውም ዘራቸውን እየበተኑ ተከተሉ።